መብራት ሲርገበገብ የሚወድቅ ከርነል

ጅማ ላይ መብራት አንዴ ሄዶ ቢቀር ይሻላል። የሚያስቸግረው ሄዶ መጥቶ፣ መጥቶ ሲሄድ ነው። እኔ ለቡና መጋዘኖችና ለትናንሽ ቢሮዎች ኔትወርክ እዘረጋለሁ። በሊኑክስ የሚሠሩ ራውተሮችን አስተካክዬ እተክላለሁ። ከእነሱ አንዱ፣ አራት ኮር ያለው ሳጥን፣ መብራት ሲርገበገብ ከርነሉ፣ የሊኑክስ እምብርት፣ ፓኒክ እያደረገ ይወድቅ ነበር። ሁልጊዜ አይደለም። በጋውን ዝም ብሎ ይከርማል። ክረምት ገብቶ ነጎድጓድ ሲበዛ ግን የመጋዘኑ ጠባቂ ስልክ አያባራም። "ልጄ፣ ያ ሳጥንህ ደግሞ ደርቋል" ይሉኛል።

ጥፋቱ ሬስ ኮንዲሽን ነበር። ሁለት ሲፒዩዎች አንድን ነገር በአንድ ጊዜ ሲነኩ፣ የቀደመው ማን እንደሆነ ውጤቱን የሚለውጥበት ስህተት ማለት ነው። ይሄን የምጽፈው ከርነል ውስጥ ባለ የኔትወርክ ኮድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ለገጠማችሁ ነው። ሲ ማንበብ ከቻላችሁና ሞጁል ኮምፓይል አድርጋችሁ የምታውቁ ከሆነ ይበቃል።

መጀመሪያ ሳጥኑ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ አይጠፋም። ከማዶ ያለው ሬዲዮ ግን ባትሪ የለውም፤ ይጠፋል። ስለዚህ ሊንኩ ይወድቃል፣ ይነሳል፣ መልሶ ይወድቃል። ሳጥኑ ላይ ከመሣሪያው አቅራቢ የመጣ የተነል ሞጁል አለ። አቅራቢው ማን እንደሆነ ይቆየን። ሞጁሉ ከማዶ ላለው ለእያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ስትራክት ይይዛል፤ ፒር ይለዋል። ፒሩ ውስጥ ሎክ (አንዱ ሲፒዩ ሲሠራበት ሌላውን የሚያስጠብቅ ቁልፍ) አለ፣ አድራሻ አለ፣ በየጊዜው "አለህ ወይ?" እያለ የሚጠይቅ ታይመር አለ። ሊንኩ ሲወድቅ ሞጁሉ ፒሩን ከሠንጠረዡ አውጥቶ ሜሞሪውን ይለቃል። ሲነሳ አዲስ ይፈጥራል።

ፓኬት የሚሄድበትና የሚመጣበት ኮድ በየሰከንዱ ሺህ ጊዜ ይሮጣል። ስህተት ቢኖረው ቶሎ ይታያል። የማፍረሻው ኮድ ግን ብዙ ቦታ ላይ ማሽኑ ሲዘጋ ብቻ ነው የሚነካው። የእኛ መጋዘን ውስጥ በአንድ የዝናብ ምሽት ደጋግሞ ይሮጣል። በኔ ልምድ የኔትወርክ ሬስ አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው እዚያ ነው። ዕቃው ሲፈጠር ሁሉም ይጠነቀቃል፤ ሲፈርስ ማን አሁንም እንደያዘው የሚጠይቅ የለም።

የመጀመሪያው ሥራ የከርነሉን የመጨረሻ ቃል መያዝ ነው። ሎጉ ዲስክ ላይ ሳይደርስ ሳጥኑ ይሞታል። ኔትኮንሶል ሎጉን በዩዲፒ ወደ ሌላ ማሽን ይልካል፤ ነገር ግን የታመመው ኔትወርኩ ራሱ ሲሆን አያስተማምንም። ራሙፕስ የመጨረሻውን ሎግ ራም ላይ ያስቀምጣል። ማሽኑ ራሱን ሪቡት ካደረገ ይገኛል፤ ኃይል ከተቋረጠ አብሮ ይጠፋል። ሰው ደግሞ ሳጥን ሲደርቅበት መጀመሪያ የሚያደርገው ሶኬቱን መንቀል ነው። ስለዚህ በሲሪያል ኬብል አንድ አሮጌ ላፕቶፕ አገናኘሁበትና ሎጉን እንዲቀዳ ተውኩት። "አባባ፣ ይቺን ብቻ እንዳይነኩብኝ" አልኳቸው ጠባቂውን። "የኔ ልጅ፣ ዶሮ እንኳ አያልፍባትም" አሉኝ። አላለፈባትም።

አንድ ርካሽ ዘዴ እዚህ ላይ ልጨምር። ሳጥኑ ቡት ሲያደርግ የስላብ ዲበግ ፖይዝን እንዲበራ አድርጉ። ያኔ ከርነሉ የተለቀቀን ሜሞሪ በሙሉ በሄክስ 6ቢ ይሞላዋል። እኔ በያዝኩት ሎግ ላይ ከሪጅስተሮቹ አንዱ "6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ" እያለ ተደርድሮ ነበር። ይሄ ቁጥር ከሰማይ አይወርድም። አንድ ሰው ከለቀቀው ሜሞሪ ላይ ፖይንተር አንብቦ ተከትሎታል ማለት ነው። የጥሪው ዝርዝር ደግሞ ሲፒዩ 2 ላይ፣ በሶፍት ኢንተራፕት (ከርነሉ ተራውን ሥራ አቋርጦ በሚሠራው ሥራ) ውስጥ፣ የፒሩ ታይመር ፈንክሽን ሲሮጥ እንደነበር ያሳያል።

አሁን ሁለት ፈተናዎች ይመጣሉ። አንደኛው "ፖይንተሩ ነል ከሆነ ተመለስ" የሚል መስመር መጨመር ነው። አይጠቅምም። የተለቀቀ ሜሞሪ ነል አይሆንም። ቢሆን እንኳ እናንተ አይታችሁ "ደህና ነው" ካላችሁ በኋላ፣ ሳትጠቀሙበት፣ ሌላው ሲፒዩ ሊለቀው ይችላል። ሁለተኛው ፕሪንትኬን፣ ማለትም ከርነሉ ሎግ ላይ የሚያትምበትን ፈንክሽን፣ በየቦታው መበተን ነው። ፕሪንትኬ፣ በተለይ ከሲሪያል ኮንሶል ጋር፣ ቀርፋፋ ነው። ጊዜውን ያዛባውና ስህተቱ ይጠፋል። "ዳነ!" ትላላችሁ። ኧረ የት ይድናል! የግድ ማተም ካለባችሁ ትሬስ ፕሪንትኬን ተጠቀሙ። እሱ ሜሞሪ ላይ ብቻ ስለሚጽፍ ብዙም አይረብሽም።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው። ወረቀቱን መሃል ለመሃል ክፈሉት፤ በግራ አንድ ሲፒዩ፣ በቀኝ ሌላ። ከዚያ እያንዳንዱን እርምጃ ከላይ ወደ ታች ጻፉ። የኔ እንዲህ ወጣ፦

ሲፒዩ 0፦ ሊንኩ ወደቀ። ፒሩን ከሠንጠረዡ አወጣ።
ሲፒዩ 2፦ የታይመሩ ሰዓት ደረሰ። ፈንክሽኑ ጀመረ፣ የፒሩን ፖይንተር ያዘ።
ሲፒዩ 0፦ ታይመር ዲሊትን ጠራ። ታይመሩ ወረፋ ላይ የለም፣ እየሮጠ ነው። "የሚሰረዝ የለም" ብሎ ተመለሰ።
ሲፒዩ 0፦ ሜሞሪውን ለቀቀ።
ሲፒዩ 2፦ የፒሩን አድራሻ አነበበ። ወደቀ።

ይሄን ሠንጠረዥ መጻፍ ካልቻላችሁ ሬሱን ገና አላገኛችሁትም። ጥርጣሬ ነው ያላችሁ። የትኛው ሲፒዩ፣ የትኛው መስመር ላይ፣ ምን ይዞ እንደቆመ እስክታውቁ ድረስ ኮዱን አትንኩ።

ቀጥሎ ስህተቱን ጠረጴዛዬ ላይ ማስነሳት ፈለግኩ። ዝናብ እየጠበቁ ከርነል አይታረምም። ላፕቶፔ ላይ ኬሙ ውስጥ አራት ሲፒዩ ያለው ቨርቹዋል ማሽን አስነሳሁ። ሁለት የኔትወርክ ኔምስፔስ (እርስ በርስ የተለያዩ ኔትወርኮች) ፈጠርኩና በቪኢዝ፣ በሶፍትዌር ኬብል፣ አገናኘኋቸው። በአንድ ተርሚናል ሊንኩን ዳውን እና አፕ እያደረገ የሚዞር የሼል ሉፕ፣ በሌላው ደግሞ ፓኬት የሚያጎርፍ ፒንግ። ጅማን ላፕቶፕ ውስጥ አስገባኋት ማለት ነው። የታይመሩን ጊዜም ከሰከንዶች ወደ ጥቂት ሚሊሰከንድ አወረድኩት።

ከዚያ መስኮቱን አሰፋሁት። ሬስ የሚመታው በሁለት መስመሮች መካከል ባለች ጠባብ ጊዜ ነው። እዚያ መሃል ሆን ብላችሁ መዘግየት ብትጨምሩ ስህተቱ ከብርቅ ወደ ዘወትር ይለወጣል። እኔ በታይመሩ ፈንክሽን ውስጥ፣ ፖይንተሩ ከተያዘ በኋላና ከመነበቡ በፊት፣ ጥቂት ሚሊሰከንድ ባዶ ዙር አስገባሁ። ወዲያው ወደቀ። ይሄ ሌላም ጥቅም አለው። ግምታችሁ ስህተት ከሆነ፣ መዘግየቱን ብትጨምሩም ምንም አይመጣም። ሠንጠረዡን እንደገና ትጽፋላችሁ።

ቨርቹዋል ማሽኑ ላይ ካሳንን አብሩ። ካሳን ከከርነል 4.0 ጀምሮ ያለ መሣሪያ ነው። ለየ8 ባይቱ 1 ባይት እየያዘ የትኛው ሜሞሪ እንደሚነካ፣ የትኛው እንደማይነካ ይመዘግባል። ራም ስለሚበላ ትንሿ ሳጥን ላይ አልሞከርኩትም። ሪፖርቱ ግን ወርቅ ነው። ማን እንደነካው ብቻ ሳይሆን፣ ማን እንደፈጠረውና ማን እንደለቀቀው ሦስቱንም የጥሪ ዝርዝር ያወጣላችኋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ አንብቦ ይሮጣል። መልሱ የሚገኘው የለቀቀው ላይ ነው፤ ሳይጠብቅ የሄደው እሱ ነውና።

የማይወራለት ሌላ አለ፤ ዲበግ ኦብጀክትስ ይባላል። የታይመርና የፍሪ ምርጫዎቹን ካበራችሁለት፣ ወረፋ ላይ ያለ ታይመር የያዘ ሜሞሪ ሲለቀቅ እዚያው ይጮሃል። ማሽኑ እስኪወድቅ መጠበቅ የለም። የሎኮችን ቅደም ተከተል የሚከታተለውን ሎክዴፕንም አብሩት። ለምን እንደሆነ አሁን ታዩታላችሁ።

ወደ እርማቱ እንግባ። የመጀመሪያው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ታይመር ዲሊትን ትቶ ታይመር ዲሊት ሲንክን መጥራት። በድሮው ከርነል ስሙ ዴል ታይመር ሲንክ ነበር። ይሄኛው ፈንክሽኑ በሌላ ሲፒዩ እየሮጠ ከሆነ እስኪጨርስ ይጠብቃል። ፈንክሽኑ ራሱን መልሶ ቢያስነሳም ይይዘዋል። በቃ? አልበቃም።

ሞጁሉ ታይመሩን የሚሰርዘው የፒሩን ሎክ እንደያዘ ነበር። የታይመሩ ፈንክሽንም መጀመሪያ የሚያደርገው ያንኑ ሎክ መያዝ ነው። ሲፒዩ 0 ሎኩን ይዞ ታይመሩን ይጠብቃል፤ ታይመሩ ደግሞ ሎኩን ይጠብቃል። ሁለቱም እስከ ዕለተ ምጽአት ይጠባበቃሉ። ሎክዴፕ ይሄን ዴድሎክ ገና ሳይደርስ፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ አይቶ ያስጠነቅቃል። ስለዚህ የሲንኩ ጥሪ ከሎኩ ውጭ ይውጣ። የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ ወጥመድም አለ። ሶፍት ኢንተራፕት የሚይዘውን ሎክ ከተራ ፕሮሰስ ስትይዙ ቢኤች የሚል ቅጥያ ያለውን ስፒንሎክ (ሲፒዩው ሳያንቀላፋ እየዞረ የሚጠብቀው ሎክ) ካልተጠቀማችሁ፣ እዚያው ሲፒዩ ላይ ኢንተራፕቱ ገብቶ ራሳችሁ የያዛችሁትን ሎክ ይጠብቃል።

ይሄም ተስተካክሎ ካሳን አሁንም አንዳንዴ ይጮሃል። ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ። ለካ ሦስተኛ ዓምድ ያስፈልግ ነበር። ፓኬት የሚቀበለው ኮድም ታይመሩን ይነካል። ፓኬት በመጣ ቁጥር "ከማዶ ያለው በሕይወት አለ" ብሎ ሞድ ታይመርን ይጠራል፣ ሰዓቱን ይገፋል። ሲፒዩ 3 ፒሩን ከሠንጠረዡ ያገኘው ገና ሳይወጣ ነው። ሲፒዩ 0 ፒሩን ያወጣል፣ ታይመሩን ጠብቆ ይሰርዛል። ከዚያ ሲፒዩ 3 የተሰረዘውን ታይመር መልሶ ያስነሳዋል። ሲፒዩ 0 ሜሞሪውን ይለቃል። ሞቷል የተባለው ታይመር ከጥቂት ጊዜ በኋላ በተለቀቀ ሜሞሪ ላይ ይነሳል።

እዚህ ላይ አርሲዩን መረዳት ግድ ነው። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ የሚገኝ፣ አንባቢዎች ያለ ሎክ የሚያነቡበት ዘዴ ነው፤ የኔትወርክ ኮዱ ያለሱ አይንቀሳቀስም። ፈረንጅ አራዳ ያለ አንድ ቡና ቤት ሊፈርስ ነው እንበል። መጀመሪያ ታፔላው ይነሳል፤ አዲስ ሰው አይገባም። ውስጥ ያሉት ግን ስኒያቸውን ጨርሰው እስኪወጡ ይጠበቃል። ቤቱ የሚፈርሰው ከዚያ ነው። ታፔላውን ማንሳት ፒሩን ከዝርዝሩ በአርሲዩ መንገድ ማውጣት ነው። መጠበቁ ሲንክሮናይዝ አርሲዩ ነው። የኛ ሞጁል ታፔላውን አንስቶ፣ ሰው ስኒ ይዞ እንደተቀመጠ ጣሪያውን ያወርደው ነበር።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ሆነ። ፒሩን ከዝርዝሩ ማውጣት። ሲንክሮናይዝ አርሲዩን ጠርቶ፣ ፒሩን የያዙ የፓኬት ተቀባዮች ሁሉ እስኪወጡ መጠበቅ። ከዚህ በኋላ ታይመሩን ሊያስነሳ የሚችል ከራሱ ከታይመሩ በቀር የለም። ያኔ ታይመር ዲሊት ሲንክ። በመጨረሻ መልቀቅ። ከአራቱ ሁለቱን ብታቀያይሩ ስህተቱ ይመለሳል። ሲንክሮናይዝ አርሲዩ እንደሚያንቀላፋ አትርሱ፤ ስፒንሎክ ይዛችሁ ወይም ከኢንተራፕት ውስጥ ልትጠሩት አትችሉም። የሊንክ መውደቅ ማሳወቂያ የሚመጣው ማንቀላፋት በሚቻልበት በፕሮሰስ ኮንቴክስት ስለሆነ እኛ ጋ ችግር አልነበረም።

ከርነላችሁ 6.2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ታይመር ሻትዳውን ሲንክ የሚባል አለ። ታይመሩን ጠብቆ ይሰርዝና ዳግም እንዳይነሳ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ሞድ ታይመር ቢጠራም ዝም ተብሎ ይታለፋል። ደስ ይላል። ሆኖም ታይመሩን እንጂ ፒሩን አያድንም። ሲፒዩ 3 አሁንም ፒሩን ይዞ የፓኬት ቆጣሪውን ሊጨምር፣ ሎኩን ሊነካ ይችላል። መጠበቁ አይቀርም።

ፒሩን ከአርሲዩ ክልል ውጭ ይዞ የሚቆይ ኮድ ካለ ደግሞ ሪፍካውንት፣ ማለትም ስንት ኮድ እንደያዘው የሚቆጥር ቆጣሪ፣ ያስፈልጋል። እዚህ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከአርሲዩ ዝርዝር ያገኛችሁትን ዕቃ ቆጣሪ ዝም ብላችሁ አትጨምሩ። ዜሮ ካልሆነ ብቻ የሚጨምረውን ተጠቀሙ። ዜሮ የደረሰ ዕቃ ሊለቀቅ መንገድ ላይ ነው፤ ቆጣሪውን አንድ ማድረግ ሕይወት አይመልስለትም።

የታይመር ሬስ የአንድ ችኩል አቅራቢ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ዋናው ሊኑክስ ውስጥ፣ የፓኬት ሶኬት ኮድ ላይ፣ ይሄው ዓይነት ስህተት ከ2011 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ተደብቆ ኖሯል። በሲቪኢ፣ በታወቁ የደህንነት ስህተቶች መዝገብ፣ ሲቪኢ 2016-8655 ይባላል። አንዱ ትሬድ የሪንግ በፈሩን (ፓኬት የሚጠራቀምበትን ሜሞሪ) ሲያዘጋጅ፣ ሌላው በዚያው ሶኬት ላይ የፓኬት ቨርዥኑን ይለውጣል። ታይመር ያለው ቨርዥን 3 ብቻ ነው። ሶኬቱ ሲዘጋ ኮዱ ቨርዥኑን ያያል፤ 3 ስላልሆነ "ታይመር የለም" ብሎ ሳይሰርዝ ሜሞሪውን ይለቃል። ታይመሩ ግን አለ። በዚህ ተራ ተጠቃሚ ሩት፣ የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን፣ መሆን ይችል ነበር። እርማቱ ቨርዥን መለወጡም ሪንግ ማዘጋጀቱም በአንድ የሶኬት ሎክ ሥር እንዲሆኑ ማድረግ ነው።

በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ሲቪኢ 2021-26708 ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። የቪሶክ (ቨርቹዋል ማሽንና አስተናጋጁ የሚነጋገሩበት ሶኬት) ኮድ አንድ ፖይንተር ወደ ሎካል ተለዋዋጭ የሚገለብጠው ሶኬቱን ከመቆለፉ በፊት ነበር። በመሃል ሌላ ትሬድ ፖይንተሩን ሊቀይረው ይችላል። እርማቱ ያንን መስመር ከሎኩ በታች ማውረድ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ የማላውቀውን ኮድ ሳነብ መጀመሪያ የማየው፣ ከሎኩ በላይ ተነብቦ ከሎኩ በታች የሚሠራበት ነገር መኖሩን ነው። ብዙ ጊዜ ይገኛል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው ነገሩ፤ ግን ይጠቅማል።

ሲፈተን፣ መስኮቱን ለማስፋት ያስገባችሁትን መዘግየት አታውጡ። እርማቱ ትክክል ከሆነ መዘግየቱ እያለም መውደቅ የለበትም። እኔ ሉፑን አስነስቼ አደርኩበት፤ ካሳንም ሎክዴፕም ዝም። መዘግየቱን ያወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ኬሲሳንም ሞክሩት። ከ5.8 ጀምሮ አለ። አሠራሩ ደስ ይላል። አንድ ሲፒዩ የሚነካውን አድራሻ መርጦ ለጥቂት ማይክሮሰከንድ ያስቆመዋል፤ በመደበኛው ለተራ ፕሮሰስ 80 ነው። በዚያ መሃል ሌላ ሲፒዩ ያንኑ አድራሻ ከነካ ሁለቱንም ያጋልጣል። ሪፖርቱ ግን ይበዛል፤ ሁሉም ማሽን የሚጥል አይደለም። የኛ ሞጁል ላይ አብዛኛው የፓኬት ቆጣሪ ነበር። ለተራ ተለዋዋጭ ሪድ ዋንስ እና ራይት ዋንስ ይበቃሉ፤ ኮምፓይለሩ ንባቡን እንዳይቆራርጥና እንዳይደጋግም ያደርጋሉ። በ32 ቢት ማሽን ላይ ላለ የ64 ቢት ቆጣሪ ግን አይበቁም። ግማሹ አሮጌ፣ ግማሹ አዲስ ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ለዚያ ዩ64 ስታትስ ሲንክ የሚባል አለ። ሪድ ዋንስ ለጥፎ ሪፖርቱን ዝም ማሰኘት ቀላል ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ቁጥሩ ቢያረጅ የሚጎዳ ሰው አለ ወይ ብዬ ነው።

ፓቹን (የእርማቱን ኮድ) ለአቅራቢው በላክኩ ጊዜ፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን የሦስት ዓምድ ሠንጠረዥ እንዳለ መግለጫው ውስጥ ጻፍኩት። ካሳን ያወጣውንም ከሥሩ አደረግኩ። ጥያቄ ሳያበዙ ተቀበሉት። ዋናው ከርነል ውስጥ ያለ ኮድ ካረማችሁም ይሄው ነው የሚጠበቅባችሁ። ገምጋሚዎቹ ሬሱን ራሳቸው እንዲያወጡት አትተዉላቸው። ስህተቱን ያስገባውን ኮሚት በፊክስስ መስመር ላይ ቢያንስ ከመጀመሪያዎቹ 12 የሃሽ ፊደሎች ጋር ጥቀሱ፤ ወደ ቆዩት ከርነሎች የሚወስዱት ሰዎች የሚመሩት በእሱ ነው። ርዕሱ ላይ ኔት (የኔትወርክ እርማቶች የሚገቡበት ዛፍ) መሆኑን ጻፉ። ኔት ኔክስት ለአዲስ ነገር ነው። አስተያየት ሲመጣላችሁም ሁለተኛውን ቨርዥን ለመላክ 24 ሰዓት ጠብቁ። ይሄ የኔትወርክ ክፍሉ የተጻፈ ደንብ ነው፤ የቸኮለን ሰው ደህና አድርገው ይናገሩታል።